ለባላንጣ የተላከ ኬክ

የዛሬው ወጋችን በኬክ ይጀምራል። የልደት ኬክ አይደለም፤ የሠርግም አይደለም። በኦክቶበር 2006 በካሊፎርኒያ፣ ማውንቴን ቪው ከተማ ወደሚገኘው የሞዚላ ቢሮ የተላከ ኬክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን።) ሞዚላዎች ፋየርፎክስ 2 የተባለውን ብራውዘራቸውን ያወጡበት ሰሞን ነበርና እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለት ነው የተላከው። ላኪዎቹ እነማን መሰሏችሁ? የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሠሪዎች፣ የማይክሮሶፍት ሰዎች! ቀንደኛ ባላንጣዎቻቸው ማለት ነው። ነገሩን የሰሙ ቀልደኞች “ኬኩ መርዝ የለውም ወይ?” አሉ። ሌሎቹ ደግሞ “የአሠራሩ መመሪያ የታለ?” ብለው ጠየቁ። የሁለተኛው ቀልድ ትርጉም ወደ በኋላ ይገባችኋል።

ከዚህ ኬክ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ በዚያችው ከተማ የሆነው ግን ሌላ ነው። በኦክቶበር 1997 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 4 በወጣበት ሌሊት የማይክሮሶፍት ሰዎች አንድ ግዙፍ የ“ኢ” ምልክት አምጥተው በተፎካካሪያቸው በኔትስኬፕ ግቢ ሣር ላይ ገትረውት ሄዱ። ኔትስኬፖችም ምልክቱን ገፍትረው ጣሉትና ሞዚላ የሚሉትን የዳይኖሰር መለያቸውን ከላዩ አቆሙበት። የገበያ ድርሻቸውንም ጽፈው ለጠፉበት፦ ኔትስኬፕ 72፣ ማይክሮሶፍት 18።

ከዚያ ሁሉ ፉከራ ወደ ኬክ እንዴት ተደረሰ? በመካከሉ ምን ተፈጠረ? እኛ ይህን ታሪክ ስናገላብጥ ያገኘነው መልስ ባጭሩ ይህ ነው፦ ተፎካካሪን “እንኳን ደህና መጣህ” ብሎ ሳሎን ማስቀመጥ ቀላል ነው። ማንም ያደርገዋል። የሚከብደው ተጠቃሚውን ጓዳ ማስገባት ነው። ኩባንያ ሲሞት የሚተርፈው ደግሞ ጓዳ የገባው ሰው ነው። እስቲ ከሳሎኑ እንጀምር።

የጋዜጣ ላይ እንግዳ ተቀባይነት

በኦገስት 1981 ግዙፉ አይ.ቢ.ኤም የመጀመሪያውን የግል ኮምፒውተሩን ለገበያ አቀረበ። ያኔ የዚህ ገበያ ጌታ ነኝ ባዩ ወጣቱ አፕል ነበር። ሌላ ቢሆን ይደነግጣል፣ ወይም የደነገጠ እንዳይመስል ዝም ይላል። አፕል ግን በዚያው ወር ዎል ስትሪት ጆርናል ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አወጣ። ርዕሱ “እንኳን ደህና መጣህ፣ አይ.ቢ.ኤም። የምራችንን ነው” የሚል ነበር።

መርካቶን የሚያውቅ ሰው የነገሩ ስሌት አይጠፋውም። በሸማ ተራ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ባለሱቁ ጎረቤቱን አይጠላውም፤ ገበያተኛው የሚመጣው እሱን ብሎ ሳይሆን ተራውን ብሎ ነውና። አፕልም ያሰበው ይህንኑ ነው፤ አይ.ቢ.ኤም የሚያህል ስም ከገባበት የግል ኮምፒውተር የልጆች መጫወቻ መሆኑ ይቀራል፣ ተራው ይደምቃል። ተራው በእርግጥ ደመቀ። ችግሩ በ1983 አይ.ቢ.ኤም በሽያጭ አፕልን መቅደሙ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማይዘነጋ ነገር አለ። አይ.ቢ.ኤም ማሽኑን በጥድፊያ የሠራው ከሌሎች በተገዙ ክፍሎች ነበር፤ የውስጥ ንድፉንም በመመሪያ መጽሐፍ አሳትሞ ሸጠ። ስለዚህ ሌሎች መገጣጠሚያ ካርዶችን ሠሩለት፣ ፕሮግራም ጻፉለት፤ በኖቬምበር 1982 ደግሞ ኮምፓክ የተባለ አዲስ ኩባንያ ከእሱ ጋር የሚግባባ ማሽን ይዞ ብቅ አለ። ሳይጠራ የመጣ እንግዳ! አይ.ቢ.ኤም ራሱ በመጨረሻ የግል ኮምፒውተር ሥራውን ለቻይናው ሌኖቮ ሸጦ ወጣ፤ ስምምነቱ ይፋ የሆነው በዲሴምበር 2004 ነው። ያ ዓይነት ማሽን ግን ዛሬም በየቢሯችን አለ። ባለቤቱ ሄደ፤ ክፍት የተደረገው ቀረ። ይህን ያዙልን።

በ2016ም ተመሳሳይ ነገር አይተናል። ማይክሮሶፍት ቲምስ የተባለውን የሥራ መነጋገሪያ ፕሮግራም ይፋ ባደረገበት በኖቬምበር 2 ዕለት፣ በዚሁ ሥራ ስም ያወጣው ስላክ ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ሙሉ ገጽ ደብዳቤ አሳተመ። “ውድ ማይክሮሶፍት” ብሎ ይጀምርና እንኳን ደስ ያላችሁ ይላል፤ ቀጥሎ ግን ምክርና ተግሣጽ ያወርዳል። ደስታው ብዙም አልቆየም። በጁላይ 2020 ያው ስላክ “ማይክሮሶፍት ቲምስን ከኦፊስ ጋር አስሮ እየሸጠ ገበያ ዘጋብኝ” ብሎ ለአውሮፓ ኅብረት ከሰሰ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ በ27.7 ቢሊዮን ዶላር ለሴልስፎርስ ለመሸጥ ተስማማ።

ሁለቱም ማስታወቂያዎች ደፋር ናቸው፤ እኛም ስናነባቸው ፈገግ ብለናል። ነገር ግን በሁለቱም ውስጥ ተጠቃሚው የሚታየው ከውጭ ቆሞ ነው፤ ጋዜጣ እያነበበ። እንግዳው ሳሎን ተቀመጠ፣ የጓዳው በር ግን አልተከፈተም።

ጓዳው ክፍት የነበረ ጊዜ

የሚገርመው፣ የኮምፒውተር ታሪክ ሲጀምር ጓዳው ክፍት ነበር። በ1955 በሎስ አንጀለስ አካባቢ የነበሩ የአይ.ቢ.ኤም ኮምፒውተር ተጠቃሚዎች አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ስሙን “ሼር” አሉት፤ ማካፈል ማለት ነው። ከአባላቱ መካከል እንደ ሎክሂድና ኖርዝ አሜሪካን ያሉ አውሮፕላን ሠሪዎች ነበሩበት፤ ለአንድ የመንግሥት ኮንትራት እርስ በርስ የሚናጠቁ ተፎካካሪዎች! ያሰባሰባቸው ፍቅር አልነበረም። ያኔ ኮምፒውተር ሲገዛ ባዶውን ነው የሚመጣው ማለት ይቻላል። መሠረታዊውን ፕሮግራም እያንዳንዱ ኩባንያ ለየብቻው ሲጽፍ ያንኑ ወጪ አሥር ጊዜ ማውጣት ሆነ። ስለዚህ በአውሮፕላኑ እንፎካከር፣ በፕሮግራሙ ግን እንረዳዳ ተባባሉ። አይ.ቢ.ኤምም ይህን ማኅበር አላባረረውም፤ እየሰማ ማሽኑን አሻሻለበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአበው ብሂል እዚያ ማዶም ሠርቷል ማለት ነው።

ሃያ ዓመት ወደፊት እንዝለል። በማርች 1975 በካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ በአንድ የመኪና ጋራዥ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ፍቅር ያሳበዳቸው ሰዎች ተሰበሰቡ። ሆምብሪው የኮምፒውተር ክበብ ይባላል። ስቲቭ ዎዝኒያክ የመጀመሪያውን የአፕል ኮምፒውተር ንድፍ በነጻ ያደለው እዚህ ክበብ ውስጥ ነው። እዚያ የሚሠራበት ደንብ ያገኘኸውን አሳይ፣ ያላወቅኸውን ጠይቅ ነበር።

የዚህ ዓይነቱን ልማድ በግልጽ የተቃወመ ሰው በፌብሩዋሪ 3 ቀን 1976 ደብዳቤ ጻፈ። ዕድሜው 20 ነው፤ ስሙ ቢል ጌትስ። ለአልቴር ኮምፒውተር ቤዚክ የተባለውን ፕሮግራም ከጓደኞቹ ጋር ሠርቶ ሳለ፣ የማሽኑ ባለቤቶች እየገለበጡ ተቀባበሉት። የገዙት ከ10 በመቶ በታች ናቸው አለ፤ የምታደርጉት ስርቆት ነው አለ። በነጻ የባለሙያ ሥራ ማን ይሠራል? ሲልም ጠየቀ።

ለጌትስ ፍትሐዊ እንሁን፤ ጥያቄው ውሃ የሚቋጥር ነበር። ሰው ከላቡ መብላት አለበት። ኢንዱስትሪውም የሄደው እሱ ባመለከተው መንገድ ነው፤ አይ.ቢ.ኤም ራሱ ከ1969 ጀምሮ ፕሮግራምን ከማሽን ለይቶ ዋጋ ማውጣት ጀምሮ ነበር። የፕሮግራም የምንጭ ኮድ፣ ማለትም ሰው አንብቦ ሊያስተካክለው የሚችለው የአሠራሩ ጽሑፍ፣ እንደ ወርቅ ካዝና ገባ። እንደ ሪቻርድ ስቶልማን ያሉ ጥቂቶች ከ1983 ጀምሮ ይህን ተቃውመው ነጻ ሶፍትዌር የሚል እንቅስቃሴ አስነሱ። በ1991 ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ሊኑክስን ጀመረ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ግን ለረዥም ጊዜ ነገሩን የተማሪዎች ጨዋታ አድርገው ነው ያዩት።

ኔትስኬፕ ጓዳውን ሲከፍት

አሁን ወደ ሣሩ ባለቤት እንመለስ። ኔትስኬፕ በ1994 ተመሠረተ። በኦገስት 1995 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲያቀርብ በ28 ዶላር የወጣው አንዱ አክሲዮን በዕለቱ 58.25 ዶላር ላይ ዘጋ። ገና ትርፍ ያላየ ኩባንያ! ማይክሮሶፍት ይህን አይቶ ዝም አላለም። የራሱን ብራውዘር ሠርቶ በነጻ ሰጠ፤ ከዊንዶውስ ጋርም አጣበቀው። ኮምፒውተር የገዛ ሁሉ ሳይጠይቅ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ያገኛል። ለአንድ ብራውዘር ከዚህ የከፋ ምን አለ? የአሜሪካ መንግሥት በሜይ 1998 ማይክሮሶፍትን ከሰሰ፤ ለኔትስኬፕ ግን ፍርዱ የደረሰው ከቀብር በኋላ ነው።

በጃንዋሪ 22 ቀን 1998 ኔትስኬፕ ማንም ያልጠበቀውን ተናገረ፦ ብራውዘሩን በነጻ እሰጣለሁ፣ የምንጭ ኮዱንም ለዓለም እከፍታለሁ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ በፓሎ አልቶ ከተማ የተሰበሰቡ ሰዎች ይህን ዕድል እንዴት እንጠቀምበት ብለው ሲመክሩ፣ ክርስቲን ፒተርሰን የተባለች ባለሙያ ያቀረበችው “ኦፕን ሶርስ”፣ ክፍት ምንጭ፣ የሚለው ስም ተቀባይነት አገኘ። ዕለቱ ፌብሩዋሪ 3 ነበር። የጌትስ ደብዳቤ ከተጻፈበት ቀን ልክ 22 ዓመት!

ኮዱ በማርች 31 ተለቀቀ። ከዚያስ? ከዚያማ ለረዥም ጊዜ ብዙም ነገር የለም። እዚህ ጋ ታሪኩን ማስዋብ አንፈልግም። ኮዱ የተወሳሰበ ነበር፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ገብቶ የሚይዘው ጫፍ አጣ። በመጨረሻ ትልቁ ክፍል እንደ አዲስ ይጻፍ ተባለ። ኔትስኬፕ ራሱ በኖቬምበር 1998 ለአሜሪካ ኦንላይን ተሸጠ። ከመሥራቾቹ ሠራተኞች አንዱ የነበረው ጄሚ ዛዊንስኪ በአንደኛው ዓመት ተስፋ ቆርጦ ሲለቅ፣ ኮድ መክፈት ብቻውን ድግምት እንዳልሆነ ጽፎ ነው የወጣው። ልክ ነበር። በር ስለተከፈተ ብቻ ሰው አይገባም፤ ገብቶ የሚቀመጥበት ያስፈልገዋል።

ሞዚላ 1.0 የወጣው በጁን 2002 ነው፤ አራት ዓመት ፈጀ። በዚያን ጊዜ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ከዘጠና በመቶ በላይ የሆነውን ገበያ ጠቅልሎ ይዟል። በጁላይ 2003 አሜሪካ ኦንላይን የኔትስኬፕን ቡድን በተነ። በተለመደው የንግድ ሕግ ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል።

ግን አላበቃም፤ ኮዱ የማንም የግል ንብረት አልነበረማ። በዚያው ወር በ2 ሚሊዮን ዶላር ማቋቋሚያ ሞዚላ ፋውንዴሽን ተመሠረተ። የተባረሩትና በጎ ፈቃደኞቹ የቤቱን ዕቃ ይዘው ወጥተው ጎጆ ቀለሱ ማለት ነው። ብሌክ ሮስ የተባለ ልጅና ጓደኞቹ ከዚያው ኮድ ቀለል ያለና ፈጣን ብራውዘር መሥራት ጀምረው ነበር። ፋየርፎክስ 1.0 በኖቬምበር 9 ቀን 2004 ወጣ። በቀጣዩ ወር ኒውዮርክ ታይምስ ላይ የሁለት ገጽ ማስታወቂያ ታየ። የዚህኛውን ወጪ የሸፈኑት ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ተጠቃሚዎች ናቸው፤ የአዋጪዎቹ ስም በደቂቅ ፊደል ተደርድሮ ገጹን ሞልቶታል። ከአፕልና ከስላክ ማስታወቂያ ጋር አወዳድሩት። ያኛው ኩባንያ ለኩባንያ የጻፈው ነው፤ ይኸኛው ተጠቃሚ ራሱ ከጓዳ ወጥቶ የተናገረበት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ፋየርፎክስ 100 ሚሊዮን ጊዜ ተወረደ።

በአሸናፊው ቤትስ? ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6ን በኦገስት 2001 ካወጣ በኋላ ተኝቷል። ተፎካካሪ የለማ! ቀጣዩ፣ ቁጥር 7፣ የወጣው ከአምስት ዓመት በኋላ በኦክቶበር 2006 ነው፤ ፋየርፎክስ ቀስቅሶት። አዎ፣ ኬኩ የተላከበት ያው ወር። ኬኩን የላኩትን ሰዎች ልብ አንብበናል አንልም፤ ግን ባላንጣቸው ባይኖር ሥራቸው ራሱ ትኩረት ባላገኘ ነበር ብንል የምንሳሳት አይመስለንም። ቀልደኞቹ የኬኩን የአሠራር መመሪያ የጠየቁትም ለዚህ ነው፤ ሞዚላዎች ኬኩን ከነአሠራሩ ነው የሚሰጡት።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር

በሴፕቴምበር 2008 ጉግል ክሮም የተባለውን ብራውዘር አወጣ። ያን ጊዜ የሞዚላ ዋና ገቢ ከማን ይመጣ ነበር? ከጉግል፤ ፋየርፎክስ ላይ መፈለጊያ ሆኖ በመቀመጡ ይከፍል ነበር። ደጋፊው ተፎካካሪ ሆኖ መጣ። ጉግል የሞዚላም፣ የአፕልም ክፍት ሥራ እንደጠቀመው በይፋ አመሰገነ፤ ሞዚላዎችም ውድድር ለድር ይበጃል ብለው ተቀበሉት። ክሮም የቆመበትን ክሮሚየም የተባለ ኮድ ጉግል ክፍት አድርጎታል። ሁሉም ነገር በወጉ ነው።

ዛሬስ? ክሮም ከግማሽ በላይ የሆነውን የዓለም ተጠቃሚ ይዟል፤ ፋየርፎክስ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ቀርቶታል። ማይክሮሶፍት እንኳ በዲሴምበር 2018 የራሱን ሞተር ትቶ ኤጅ የተባለውን ብራውዘሩን በክሮሚየም ላይ እንደሚሠራ አስታወቀ። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም በጁን 2022 ጡረታ ወጣ። ኮዱ ክፍት ነው፤ ማንም ያነበዋል፣ ማንም ይወስደዋል። ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ግን በአመዛኙ የአንድ ኩባንያ ሠራተኛ ነው። ጓዳው ተከፍቷል፣ ምድጃው አጠገብ ግን አንድ ሰው ብቻ ቆሟል።

ስለዚህ ያልነውን እናስተካክል። የምንጭ ኮድ መክፈት አንድ ነገር ነው፤ የሚያማስለውን እጅ ማብዛት ሌላ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። የሚያብረው ግን ድሩ ከብዙ እጅ ሲፈተል ነው።

እኛንስ ምን አገባን?

“ይህ ሁሉ የፈረንጆች ጉዳይ አይደለም ወይ?” የምትሉን አትጠፉም። እኛም እንደዚያ እናስብ ነበር፤ የመመረቂያ ጽሑፋችንን እስክንጀምር። ጋዜጠኝነት ስንማር ለጥናታችን የመረጥነው ከተዘጋ የቆየ አንድ የአማርኛ ጋዜጣ ነበር። የቀድሞ አዘጋጁን ጋሽ እያልን ደጅ ስንጠና ከርመን በመጨረሻ አንድ ሲዲ ሰጡን። “ልጆቼ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ” አሉን። እየሮጥን ሄደን ስንከፍተው በማያ ገጹ ላይ የተደረደረው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። አንድም የግዕዝ ፊደል የለም።

ምክንያቱን ኋላ ተረዳነው። በ1980ዎቹና 90ዎቹ በአገር ቤትም በውጭም ያሉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ፊደላችንን ኮምፒውተር ላይ ለማስገባት ብዙ ደክመዋል፤ ባለውለታዎቻችን ናቸው። ነገር ግን እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን የሚያስቀምጥበት የራሱ ምስጢራዊ ቁጥር ነበረው። በላቲኑ “ኤ” ቦታ አንዱ “ሀ”ን፣ ሌላው “መ”ን ያስቀምጣል እንደማለት ነው። ለላቲን የተዘጋጀው ቦታ ፊደላችንን ሁሉ ስለማይበቃው አንዱ ለሁለት ከፍሎ ያስቀምጣል፣ ሌላው ደግሞ ቀጥሎ ይሠራዋል። በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። ተፎካካሪዎቹ ብዙ ነበሩ፤ ጓዳቸው ግን የየብቻ ነበር።

መፍትሔው የመጣው ተፎካካሪዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ነው። የዩኒኮድ ማኅበር በ1991 ሲመሠረት እነ አፕል፣ እነ ማይክሮሶፍትና እነ አይ.ቢ.ኤም፣ በገበያ የሚነካከሱት ሁሉ፣ ለዓለም ፊደላት አንድ የጋራ ቁጥር እንስጥ ብለው ተስማሙ። የእኛ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ገባ። ከዚያ ወዲህ “ሀ” የትም ብትሄድ “ሀ” ናት፤ ስልክ ላይም፣ ፋየርፎክስ ላይም፣ ክሮም ላይም። ይህን ጽሑፍ የምታነቡት በዚያ ስምምነት ነው። እነዚያ ኩባንያዎች ዛሬም ይፎካከራሉ፤ በፊደል ቁጥር ግን አይፎካከሩም። በ1955 አውሮፕላን ሠሪዎቹ የተባባሉትን አስታወሳችሁ?

የጋሽን ሲዲ ግን ስምምነቱ አልደረሰለትም። ጽሑፉ የተተየበበት ሶፍትዌር ዛሬ በእኛ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም፤ ኮዱም ዝግ ስለነበር የሚጠግነው ሰው አላገኘንም። የወረቀት ቅጂያቸው የተገኘላቸውን እትሞች እያየን እንደ አዲስ ተየብናቸው፤ ሁለት ወር ፈጀብን። ወረቀታቸው የጠፋባቸው ደግሞ እዚያው ሲዲው ውስጥ ናቸው። የሰው ድካም፣ የሰው ክርክር፣ የአንድ ዘመን ዜና፣ ሁሉም አለ፤ አይነበብም እንጂ።

ስለዚህ አዲስ ሶፍትዌር የምትሠሩ ጓደኞቻችን፣ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ባላንጣችሁ ሲመጣ ኬክ ብትልኩለት ደስ ይለናል፤ ባትልኩም አንቀየማችሁም። ተጠቃሚው የጻፈውን ይዞ የሚወጣበትን በር ግን ክፍት ተዉለት፤ ከቻላችሁም ገብቶ የሚያማስልበት ጭልፋ ስጡት። እናንተ ስትዘጉ ሌላው የሚያነበው እንዲኖር።

ሲዲው አሁንም መሳቢያችን ውስጥ ነው። ቸር እንሰንብት።